ሹም መሻር ፍርድ አይደለም
በደብረ ማርቆስ ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ለኅትመት የተሰናዳ

 የምናገረው ስለ ሙስና፣ ስለ ዳኝነት ነጻነትና ገና በእግሩ መቆም ስላልቻለው ዴሞክራሲያችን ነው። ስለ ፍርድ ለመናገር ከጎጃም የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ይህ አገር ክርክር የሚወድ፣ ለመብቱ እስከ መጨረሻው ደጅ የሚጠና፣ «በሕግ አምላክ» ሲሉት የሚቆም ሰው አገር ነው።

ሙስናን የማያወግዝ ሰው የለም። ባለሥልጣኑ በስብሰባ ያወግዘዋል፣ ጋዜጣው ይጽፍበታል፣ ሰባኪው ያስተምርበታል። ስለዚህ ዛሬ የቆምኩት ሙስና ክፉ መሆኑን ላስረዳ አይደለም፤ ጉዳያችሁን ለማስፈጸም ስንት ቀን የተመላለሳችሁ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በአገራችን ሙስናን ለማጥፋት ተብሎ ብዙ ሹማምንት ተሽረዋል፣ ታስረዋል፣ ተረሽነዋልም። ሙስናው ግን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተሻገረ እንጂ አልጠፋም። እንደ እኔ እምነት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፦ ሹሙን የሻረው ኃይል ዳኛውንም በመዳፉ ይዞ ኖሯል። ሹሙን የሚዳኝ፣ ሹሙን የሻረውንም የሚዳኝ፣ ማንም የማያዝዘው ዳኛ እስኪኖረን ድረስ የምናየው የሰው መለዋወጥ ብቻ ነው።

ሐሳቤን በአራት ከፍዬ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ አብዛኞቻችሁ ከአባቶቻችሁ የሰማችሁትን የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አመፅ አነሣለሁ። ቀጥዬ በማዕከላዊ መንግሥት ደረጃ የታዩ ታላላቅ የሙስና ክሶችን እመለከታለሁ። በሦስተኛ ደረጃ ወደ ገበሬው መሬትና ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ግቢ እወርዳለሁ። በመጨረሻ ምን ማድረግ እንደምንችል የማምንበትን እናገራለሁ።

እንግዲህ ከቤታችን እንጀምር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የሚባል አዲስ አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ክፉ ሕግ አልነበረም፤ ብዙ የሚያመርት ብዙ ይክፈል፣ ትንሽ የሚያመርት ትንሽ ይክፈል የሚል ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን አዋጁን ያነበበው ባወጁት ሰዎች ጠባይ ነው። ግብር ለመገመት ብሎ ማሳው ላይ የሚቆመው ሹም ነገ ገመድ ይዞ መሬቱን እንደማይለካ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ርስቱን እንደማይነካ ምን ዋስትና ነበረው? በዚያ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን ለጦር መሣሪያ ምዝገባ ተብሎ ገንዘብ ተጠየቀ፤ ለዚህም ለዚያም ተብሎ መዋጮ ተጣለ። ከሕጋዊው ግብር ጎን ለጎን ደረሰኝ የማያውቀው ክፍያ ተደራርቦ ገበሬውን አማረረው።

ገበሬው መጀመሪያ ያደረገው ጠመንጃ ማንሣት አልነበረም። አቤት አለ። ሽማግሌ መረጠ፣ ስንቅ ቋጠረ፣ ወደ አዲስ አበባ ላከ። በገዥ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ በግዛቱ ውስጥ የሚሰማበት ችሎት አልነበረውም። ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የዳኝነት አዋጅ ፍርድ ቤቶች በየደረጃው ሲቋቋሙ፣ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የፍርድ ቤቱም ሰብሳቢ ሆኖ ነበር። የተሻሻለው የ1948 ሕገ መንግሥት ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ነጻ መሆናቸውን ቢደነግግም፣ ስንት ዘመን ገዥና ዳኛ አንድ ሰው በሆነበት አገር የገዥው ጥላ በአንድ አንቀጽ ከችሎት የሚገፈፍ አልሆነም። ስለዚህ ገበሬው ያለው ምርጫ ወይ ንጉሡ ዘንድ መድረስ ወይ ዝም ማለት ነበር። ንጉሡ ዘንድ የላከው አቤቱታ ውጤት ሲያጣ ሦስተኛውን መንገድ ያዘ። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገማቾችን አላስገባም አለ፤ ግብር አልከፍልም አለ፤ ጦር ሲላክበትም ተዋጋ። አውሮፕላን እስከ መላክ ተደረሰ።

በመጨረሻ መንግሥት ለቀቀ። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ፤ በምትካቸው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተሾሙ። ንጉሠ ነገሥቱም የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብር ማሩ። አባቶቻችን ይህን እንደ ድል ቢቆጥሩት አልፈርድባቸውም፤ ሕይወት የተከፈለበት ድል ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጎደለ አስተውሉ። ፍርድ አልተሰጠም። ገዥው ያለ አግባብ የወሰዱት ገንዘብ ካለ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደ ተበደለ፣ ምን ሊመለስለት እንደሚገባ በአደባባይ የወሰነ ዳኛ የለም። ምሕረት መጣ፣ ሹመት ተለወጠ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ደጃዝማች ፀሐዩም ወደ ከፋ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የግዛቱ ዋና ከተማ የጅማ ሕዝብ በአደባባይ ወጥቶ ገዥያችን ይነሡልን ያለው በእኚሁ ሰው ላይ ነበር። ጎጃም የተገላገለውን ጅማ ወረሰ። ሹምን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር የሚያስከትለው ይህን ነው። ለጎጃም የተሰጠ የአንድ ዳኛ ፍርድ ለጅማም በተረፈ ነበር፤ የአንድ ንጉሥ ምሕረት ግን ከዓባይ ማዶ አልተሻገረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልሻገር። አብዮቱ ሲመጣ ሕዝቡ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የቀድሞ ባለሥልጣናት በሙስናና በበደል ይጠየቁ የሚል ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ጉዳዩን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ኮሚሽኑ ባለሥልጣናቱን እየጠራ ይጠይቅ፣ ቃላቸውን ይቀበል ጀመር። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፀሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድም በእስር ላይ ሆነው ለኮሚሽኑ መልሳቸውን ጽፈዋል። ምርመራው ሳይቋጭ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ሥልጣኑን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። አብዛኞቹ የቀድሞ ባለሥልጣናት ነበሩ፤ አክሊሉም እርሳቸውን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የተኩት ልጅ እንዳልካቸው መኰንንም ከመካከላቸው ነበሩ።

በዚያች ሌሊት የጠፋው የሰው ነፍስ ብቻ አይደለም። እውነቱም አብሮ ተቀበረ። ማን ምን እንደ ሠራ፣ ማን ጥፋተኛ ማን ንጹሕ እንደ ነበር ተለይቶ ሊነገረን የሚችልበት በር ተዘጋ። ቀጥሎ በአገሪቱ ላይ የወረደውን መከራ እናውቀዋለን። ባለሥልጣንን ያለ ፍርድ መግደል የተፈቀደለት መንግሥት ተማሪውንም፣ ገበሬውንም፣ በመጨረሻ የራሱን ሰዎችም ያለ ፍርድ ለመግደል የሚከለክለው ነገር አልነበረውም።

ከ1983 በኋላ የመጣው ሥርዓት ሕገ መንግሥት ጻፈ። አንቀጽ 79 ፍርድ ቤቶች ከማንኛውም የመንግሥት አካልና ባለሥልጣን ተጽዕኖ ነጻ መሆናቸውን፣ ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ እንደማይመሩ ያዝዛል። መልካም ቃል ነው። የተፈተነበትን ሁኔታ እንመልከት። በጥቅምት 1989 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ታምራት ላይኔ ከሥልጣን ወረዱ፤ በፓርላማ ፊት ቀርበው ጥፋታቸውን ተናገሩ። በሙስና የ18 ዓመት እስራት የተፈረደባቸው ግን በ1992 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ በቴሌቪዥን የሰማው ኑዛዜ ከፍርዱ ከሦስት ዓመት በላይ ቀደመ። ሰውየው ጥፋተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን እዚህ አልከራከርም። የምለው ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ገዥው ፓርቲ ፈረደ፤ ፍርድ ቤቱ ከኋላ ደረሰ።

ከዚህም የሚልቅ ፈተና በ1993 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ዓመት በገዥው ግንባር ዋና ድርጅት በሕወሓት ውስጥ መከፋፈል ተፈጠረ። በዚያው ወቅት የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235 ተቋቋመ፤ በአዋጅ ቁጥር 236 ደግሞ ልዩ የክስ ሥነ ሥርዓት ተደነገገ። ከተሸናፊው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሠሩ። ጉዳያቸው የቀረበላቸው ዳኛ ወይዘሮ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ፤ ያኔ ወጣት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ዳኛዋ ሕጉን አገላበጡ፤ ተጠርጣሪው በዋስ እንዲወጡ አዘዙ።

ይህችን ትእዛዝ ጠጋ ብላችሁ እንድታዩዋት እፈልጋለሁ። ነጻ መውጣት አልነበረም። ሰውየው ክሳቸውን ከውጭ ሆነው ይከታተሉ ማለት ብቻ ነበር፤ በየቀኑ በየወረዳው ለስንቱ ተከሳሽ የሚሰጥ ተራ ትእዛዝ። ሆኖም አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ሳይርቁ በጸጥታ ኃይሎች እንደ ገና ተያዙ። ወዲያውም ፓርላማው አዋጅ ቁጥር 239ን አወጣ። በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ አይለቀቅም የሚል ነበር። አንዲት ዳኛ በአንድ መዝገብ ላይ ሕጉን ተከትላ የወሰነችውን ለመሻር የአገር ሕግ ተለወጠ። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ዓ.ም. ነው። የዋስትና ክልከላው በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 434 ላላ፤ ሆኖም በየክልሉ ያለ ዳኛ ትምህርቱን ቀድሞ ወስዶ ነበር። ሕጉን አትርሱ፣ ከሕጉ በላይ ግን የማን መዝገብ እንደሆነ እዩ የሚል ትምህርት።

በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታና ሌሎች ከፍተኛ ሰዎች በሙስና ተያዙ። ዓመታት በክርክር አለፉ። በ2010 ዓ.ም. የፖለቲካው አየር ሲለወጥ ክሱ ተቋረጠና ተፈቱ። በኅዳር 2011 የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ኃላፊዎች ሲያዙ ፍርድ ቤት ነገሩን ገና ሳይሰማው ዘጋቢ ፊልም በቴሌቪዥን ቀረበ። እነዚህን ሁሉ ስታያይዟቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የእስሩ ጊዜ ከፖለቲካው ወቅት ጋር ይገጥማል፤ የመፈታቱም እንዲሁ። ሕዝቡ ግን እውነቱን አያገኝም። ሰውየው ሌባ ከነበረ ያለ ፍርድ ተፈታ፤ ንጹሕ ከነበረ ያለ ፍርድ ታሠረ። በሁለቱም በኩል የተጎዳው የአገሩ ባለቤት ነው። ባለሥልጣናቱም ከዚህ የተማሩት አትስረቁ የሚል ትምህርት አይደለም፤ ከአሸናፊው ወገን አትለዩ የሚል ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ዕድሜ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሹመቱም ሽረቱም በሰው ፈቃድ ከሆነ፣ ሹሙ ቀኑ ሳይመሽበት መብላቱን እንደ ብልህነት ይቆጥረዋል።

እስካሁን ስለ ሚኒስትሮች ተናገርሁ። አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል፣ ወደ እናንተ ቀዬ ልመለስ፤ ነገሩ የሚመረውም እዚህ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደረገ፤ ጎጃም ዋናው ሥፍራ ነበር። መሬት ለሌለው ወጣት መሬት ይድረሰው የሚለው ዓላማ የሚነቀፍ አልነበረም። አፈጻጸሙ ግን ገበሬውን በስም ከፈለው። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር የሥልጣን ወንበር ላይ የነበረ «ቢሮክራሲ»፣ ከዚያ በፊት ባላባት ወይም ጭቃ ሹም የነበረ ደግሞ «የፊውዳል ቅሪት» ተባለ። ሌላው ገበሬ እስከ 12 ጥማድ መያዝ ሲፈቀድለት፣ በእነዚህ ስሞች የተጠራው ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር እንዳያልፍ ተደረገ።

አንድ ሰው በሥልጣን ዘመኑ ከበደለ ሊከሰስ ይገባል። ማንን በደለ፣ የማንን መሬት ወሰደ፣ ማስረጃውስ ምንድን ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ይከላከላል፤ ይፈረድበታል ወይም ይፈረድለታል። ያን ጊዜ ግን የተፈረደው በስሙ ነው። የቀበሌ ሊቀ መንበር ሆኖ ጎረቤቱን የዘረፈውም፣ ማንበብ ስለ ቻለ ብቻ ጸሐፊ ሁን ተብሎ የተመረጠውም በአንድ ላይ ተመዘኑ። ውሳኔው በኮሚቴና በስብሰባ ስለ ነበር፣ የተከፋው ገበሬ ወደ ዳኛ የሚወስደው ነገር አልነበረውም። እንደ 1960ው አያቱ እግሩን አንሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ደግፈውት ወጡ። የሰማው አልነበረም። በዚያ ሽግሽግ መሬት ያገኘውም ቢሆን እፎይ ብሎ አላረሰም፤ በስብሰባ የተሰጠው በስብሰባ እንደሚወሰድ ያውቃል። የቀበሌ ሹም ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ፍርሃት ነው፤ የመሬት ጉቦም ሥሩ እዚህ ነው።

በጎውንም ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ጀመረ፤ ሥራው በቅድሚያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ምሥራቅ ጎጃም ነበር። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ሰፈረ። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታት ሴት ደብተሯን ይዛ ችሎት ፊት ቀርባ ይህ የእኔም ነው ማለት ቻለች። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። መብት በጽሑፍ ሲሆንና የሚከራከሩበት ችሎት ሲኖር ጉቦ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠብባል። ያም ሆኖ ደብተሩን የሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት፣ ምስክር የሚቆጥረው ችሎትና ውሳኔውን የሚያስፈጽመው ፖሊስ በአንድ ሹም ቃል የሚሠሩ ከሆነ ደብተሩም ተራ ወረቀት ይሆናል።

የወረዳ ፍርድ ቤትን ግቢ አስቡት። በጠዋት የደረሰ ባለጉዳይ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ከበሩ ውጭ ማመልከቻ ጸሐፊው ዣንጥላውን ዘርግቶ ይጽፋል። መዝገብ ቤት የሄደው መዝገቡ አልተገኘም ይባላል፤ ችሎት የገባው ዳኛው ስብሰባ ናቸው ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ይያዝለታል። አርባ ወይም ሃምሳ ኪሎ ሜትር አቋርጦ ለመጣ ገበሬ አንድ ቀጠሮ ማለት የአንድ ቀን እርሻ፣ የመኪና ገንዘብና የከተማ አዳር ነው። ደላላው የሚጠጋው ይህን ጊዜ ነው። «ዳኛውን አውቃቸዋለሁ፤ ለሻይ የሚሆን ካለህ ነገሩን አፈጥነዋለሁ» ይለዋል። ዞር ብሎም ለተቃራኒው ወገን ያንኑ ይናገራል። ከሁለቱም ይቀበላል። ፍርዱ ሲሰጥ ከረታው የተቀበለውን ያስቀራል፤ ለተረታው ደግሞ አልሆነልኝም፣ ያኛው የበለጠ ሰጠ ብሎ ይመልስለታል። ዳኛው ስለ ነገሩ የሰማው ላይኖር ይችላል። ሁለቱ ባለጉዳዮች ግን ፍርድ እንደሚሸጥ አምነው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ለጎረቤትም ያወራሉ። ይህ ደላላ የሚኖረው በምንድን ነው? በቀጠሮ መብዛት፣ ምክንያቱ ባልተብራራ ፍርድና ማንም በማይገባበት ችሎት ነው። እነዚህን ሦስቱን አስወግዱ፤ ደላላው የሚሸጠው ነገር ያጣል።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደርሻለሁ። ከመቀጠሌ በፊት በየመድረኩ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ከባድ ስለሆነ ልሸሸው አልፈልግም። ዳኞቹ ራሳቸው ጉቦ የሚበሉ ከሆነ ነጻነት መስጠት ለሌባ ቁልፍ መስጠት አይሆንም ወይ የሚል ነው። መልሴ እንዲህ ነው። ዳኛ ነጻ ይሁን የምንለው ከሹም ትእዛዝ ነው። ከሕግ፣ ከሕዝብ ዓይንና ከሥነ ምግባር ተጠያቂነት ነጻ ይሁን ያለ የለም። ሕገ መንግሥቱም የዳኛን ሥነ ምግባር የሚያየው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ እንዲሆን አድርጓል፤ ጥፋተኛ ዳኛ ይነሣል፤ የሚነሣው ግን በሥርዓት ነው። በሹም ቁጥጥር ሥር ያለ ጉበኛ ዳኛ ከሁሉም ይከፋል። ሹሙ ጥፋቱን ያውቃል፤ አውቆ ይሸፍንለታል፤ የሸፈነበትንም ዋጋ በሌላ መዝገብ ላይ ያስከፍለዋል። ጉቦና ትእዛዝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ይህ ሕልም እንዳይመስላችሁ ከአህጉራችን ሁለት ምሳሌዎች ልጥቀስ። ጎረቤታችን ኬንያ በምርጫ ጦስ ብዙ ደም ካፈሰሰች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀች፤ የዳኞች አሿሿምም ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2017 በዴቪድ ማራጋ የሚመራው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያኔ በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት አሸነፉ የተባለበትን ምርጫ ሻረ። ፕሬዚዳንቱ ተናደዱ፤ ሆኖም ምርጫው ተደገመ። ማላዊ ደግሞ ከእኛ የምትሻል ሀብታም አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 አምስት ዳኞች የአገሪቱን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ሰረዙ። ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት በጉቦ ሊገዟቸው የሞከረ የናጠጠ ባለ ባንክ ነበር። ዳኞቹ ነገሩን ለበላያቸው አሳወቁ፣ ጉዳዩ ለፀረ ሙስና ቢሮ ደረሰ፣ ሰውየውም ተከስሶ ተፈረደበት። ያ ሁሉ የሆነው ዳኞቹ ነገ ከወንበሬ የሚያነሣኝ ማን ነው ብለው ስላልፈሩ ነው። ነጻነታቸው ለሐቀኝነታቸው ጉልበት ሰጠው።

እኛም ጅምር አለን። በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ወይዘሮ ብርቱካን ሚደቅሳ ከስደት ተመልሰው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድን መሩ። በ2013 ዓ.ም. የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1233ና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ወጡ። ሁለቱም ሴቶች በ2015 ዓ.ም. ከኃላፊነታቸው ለቀዋል። ሕጎቹ ግን አሉ። ጅምሩ በሰው ላይ ብቻ ከቆመ ሰውየው ሲሄድ ይሄዳል፤ በሥርዓት ላይ ከቆመ ይቆያል። ስለዚህ ልንይዛቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው የዳኛ ሹመት፣ ዕድገትና ዝውውር ነው። በመዝገብ ላይ በሰጠው ውሳኔ ከሹም ጋር የተጣላ ዳኛ ወደ ሩቅ ወረዳ የሚወረወር ከሆነ ማባረር አያስፈልግም፤ ዝውውሩ ይበቃል። ሁለተኛው በጀት ነው። የወረዳ ዳኛ መኖሪያ ቤቱን፣ የችሎቱን ወንበርና ወረቀቱን ከአስተዳዳሪው የሚለምን ከሆነ፣ በአስተዳዳሪው ላይ የቀረበን ክስ በምን ልብ ይሰማዋል? የፍርድ ቤት በጀት በሕዝብ ምክር ቤት ይጽደቅ፣ በራሱ በፍርድ ቤቱ ይተዳደር። ሦስተኛው ግልጽነት ነው። አባቶቻችን መንገድ ላይ የሚፋረዱ ሰዎች ነጠላቸውን አቆራኝተው አላፊ አግዳሚውን ዳኝ ብለው ያስቆሙ ነበር። ክርክሩ በአደባባይ ይካሄዳል፤ የቆመ ሁሉ ይሰማል፤ ፍርዱ ካዳላ ሕዝቡ ያጉረመርማል። ዛሬም ችሎት ክፍት ይሁን፤ ፍርዱ ምክንያቱ ተብራርቶ ይጻፍ፤ መዝገብ ለዳኛ የሚደርሰው በሰው ምርጫ ሳይሆን በተራ ይሁን።

አራተኛውና ከሁሉም የሚበልጠው ፍርድን ማክበር ነው። በተለያዩ ጊዜያት ፍርድ ቤት በዋስ ይውጡ ያላቸው ሰዎች ከእስር ሳይወጡ ቀርተዋል፤ ከአንድ ጣቢያ ወጥተው በሌላ ጣቢያ ተይዘዋል። ፖሊስ ያላከበረው ፍርድ ገበሬው እንዲያከብረው አይጠበቅም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና በጦርነት ውስጥ ያለፍነውን እዚህ ለተቀመጣችሁ መዘርዘር አያሻም። ችሎት በተዘጋበት ወረዳ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ዳኛ ሆነ። ሰላም ሲወርድ በመጀመሪያ ልንጠግነው የሚገባ ግንብ ካለ የወረዳው ፍርድ ቤት ነው። ሰው አቤት ብሎ የሚሰማው ካገኘ፣ ወደ ጫካ የሚወስደው ምክንያት ከግማሽ በላይ ይቀንሳል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ብለዋል። ሰው ማጣቱን ይችላል፤ መናቁን አይችልም ማለታቸው ነው። ዴሞክራሲም ከዚህ የራቀ ምሥጢር የለውም። በአምስት ዓመት አንዴ ድምፅ መስጠት ትልቅ ነገር ነው፤ በመካከል ባሉት ቀናት ግን መብታችንን የምንጠብቀው በዳኛ ፊት ነው። እዚህ ለተገኛችሁ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ የምለው፣ ሕጉን ተከትላችሁ በወሰናችሁት መዝገብ ስትጠቁ ብቻችሁን አትቆሙ፤ ማኅበራችሁ ይናገር። ለሹማምንት የምለው፣ ዛሬ ስልክ ደውላችሁ የምታጎብጡት ችሎት ነገ እናንተ በተራችሁ የምትቀርቡበት ነው፤ የ1967ቱም የ1993ቱም ታሳሪዎች አንድ ጊዜ የሥልጣን ወንበር ላይ ነበሩ። ለእናንተ ለሕዝቡ ደግሞ ከዚህ በኋላ ሌባ ተያዘ ሲባል ከማጨብጨባችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ እላለሁ። ማን ይዳኘዋል? ዳኛው እምቢ ቢል ምን ይደርስበታል? የሁለተኛው መልስ ምንም አይደርስበትም የሆነ ዕለት በዚህ አገር ሙስናን መዋጋት ተጀመረ ማለት ነው።